እሬቱና ወፏ በስንተኛው ቤት ይገናኛሉ?

ባለቤቴ ይህን ልጽፍ መሆኔን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችኝ «ቁራውን እንዳትተው» ነው። ቁራው እኔ ነኝ። እንዴት ቁራ እንደሆንኩ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ፤ ነገሩ የተጀመረው ግን ከአንድ እሬትና አውራ ጣት ከምታክል ወፍ ነው።

ያኔ ሐረር ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። ለዓመታት በእንግሊዝኛ ሲሰጥ የኖረው ትምህርት ከእንግዲህ በአማርኛ ይሰጥ ተባለ። እኔ በበኩሌ እሰይ አልኩ። ልጆቹም እኔም እንግሊዝኛውን የምንገፋው ጭቃ እንደ ያዘው ጋሪ ነበር። ችግሩ አማርኛው መጣ እንጂ መጽሐፉ አልመጣም። መጽሐፉ እስኪደርስ መምህሩ ራሱ እየተረጎመ ያስተምር አሉን። ለመናገር ቀላል ነው! አንዲት ቃል ለመተርጎም ስታገል ምሳ ሳልበላ የዋልኩበት ቀን አለ።

ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ምዕራፎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ አንድ አበባ የሚያወጣ ተክልና አንድ ዘማሪ ወፍ ምረጥ፤ የእያንዳንዳቸውን ወገን ከጠባቡ እስከ ሰፊው በሰባት እርከን ጎን ለጎን ጻፍ፤ ከታች ደግሞ ዛሬ ያሉበትን ሁኔታ፣ ማለት ሞልተው ይገኙ እንደሆነ፣ እያነሱ ይሁን ወይስ ሊጠፉ፣ አክል። መጽሐፉ ምሳሌ የሰጠው በባሕር ማዶ አበባና በባሕር ማዶ ወፍ ነው። ሁለቱንም ሐረር ውስጥ ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ከመስኮቴ የሚታዩትን ወሰድኩ። ባለቤቴ «ስንፍና ነው» ትላለች። ይሁን፣ ስንፍና ነው።

የምኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት የሐረር ባልቴት ግቢ ውስጥ ካለች የፎቅ ክፍል ነበር። ባልቴቷ ኮፍያ እየሰፉ የሚሸጡ፣ ምላሳቸው ከመርፌያቸው ይልቅ የሰላ ሴት ነበሩ። ሲወዱኝ በስሜ ይጠሩኛል፤ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ «ኡስታዝ» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ ኡስታዝ ነበርኩ። መስኮቴን ስከፍት ፊት ለፊቴ የፈረሰ የድንጋይ ካብ ነበር፤ ካቡ ላይ እሬት በቅሏል። ያ እሬት ቀይ አበባውን በረጅም ዘንግ ላይ ባወጣ ቁጥር አንዲት ወፍ አትጠፋም። አንገቷ ፀሐይ ሲመታት ያብረቀርቃል፤ ቀጭን ቆልማማ መንቁሯን አበባው ውስጥ ትነክርና ትጠጣለች፤ ከጠጣች በኋላ ዘንጉ ላይ ተቀምጣ ከቁመቷ በላይ ትጮኻለች። ስሟን አምስት ሰው ጠይቄ አምስት ስም ነገሩኝ። በመጨረሻ እኔው ራሴ «አበባ ቀሳሟ» ብዬ አወጣሁላት።

እርከኖቹን መሰየም ግን ወፏን እንደ መሰየም አልሆነልኝም። የሁሉንም የበላይ፣ ሰፊውን እርከን፣ እንግሊዝኛው «መንግሥት» ይለዋል። እኔም ሳላላምጥ «የእፅዋት መንግሥት፣ የእንስሳት መንግሥት» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከታች «ሁኔታ» በሚለው ሥር ደግሞ «እየቀነሰ የሚሄድ» ብዬ ነበር። ዳይሬክተራችን ለጉብኝት ገቡና ሰሌዳውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«መምህር» አሉኝ በሹክሹክታ። «እዚህ አገር ስንት መንግሥት ነው ያለው?»

«አንድ ነው፣ ጌታዬ።»

«እና እየቀነሰ ነው የሚሄደው?»

ዳስተሩን ያነሣሁበት ፍጥነት እስካሁን ይገርመኛል። በክርኔ ጭምር ነው የጠረግኩት። ዳይሬክተሩ ወጥተው በሩ ሲዘጋ ገና እየጠረግኩ ነበር።

ቆም ብዬ አሰብኩ። ሰባት እርከን… ሰባት… ታዲያ እኛ ሰባት የምንለው ምን ነበር? ቤት! በእኛ በክርስቲያኖቹ ዘንድ ወንድና ሴት ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት እያሉ ወደ ላይ ሰባት ትውልድ ይወጣና እዚያ ውስጥ በአንድ ሰው ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ መጋባት የለም። ይህን የማያውቅ ልጅ ክፍሌ ውስጥ የለም። ተገላገልኩ። ትልቅ ካርቶን አመጣሁና ከላይ «ሰባት ቤት» ብዬ ጻፍኩ። በአንድ በኩል እሬቱ፣ በሌላው ወፏ። አንደኛ ቤት ራሷ ወፏ፣ ሁለተኛ ቤት የቅርብ እኅቶቿ፣ ሦስተኛ ቤት አበባ ቀሳሞች ሁሉ፣ አራተኛ ቤት ዘማሪ ወፎች፣ እያለ እስከ ሰባተኛ ቤት፣ እስከ እንስሳት ይወጣል። የእሬቱም እንደዚያው ወጥቶ እፅዋት ላይ ያልቃል። ልጆቹ በአንድ ቀን ገባቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መምህር ሆኜ አላውቅም፤ ሰላም አሳጥቶኝ የከረመውም ያው ካርቶን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ለሴቶች የእጅ ሥራ የምታስተምር አንዲት መምህርት ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍሏ ጠመኔ ስበደር ኖርኩ። ስንት ጠመኔ እንደ ተበደርኩ ብነግራችሁ ሳይንስ ሳይሆን ቤት ቀለም የምቀባ ይመስላችኋል። እሷም አንድ ቀን «ጠመኔው አለቀ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። በሐረር ክርስቲያኖች ዘንድ ግን የሚታወቁት በቤት ቆጠራ ነው። ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር አላቸው፤ ከሸዋ ከሠራዊቱ ጋር የመጡት ሰዎች ሁሉ፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ማን ማንን እንደ ወለደ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ ከሐረርም ከድሬዳዋም እሳቸው ዘንድ ይመጣል። እሳቸው መነጽራቸውን ያደርጉና፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ወደ ላይ ይወጣሉ። «ይቻላል» ካሉ እልል ይባላል። «አይቻልም» ካሉ ሰርጉ ቀረ። ማን ይከራከራቸዋል!

የእሳቸው ኩራት ደግሞ አንድ ባላምባራስ ናቸው። ከሸዋ ዘምተው ሐረር የገቡ፣ ስመ ጥር ጀግና። «የአያቴ ወንድም!» ይሏቸዋል። በየሰርጉ፣ በየማኅበሩ፣ ጠላ በቀመሱ ቁጥር የባላምባራሱን ጀግንነት ያወራሉ። በዚህም ምክንያት የትም ቢሄዱ ከፍ ያለው ወንበር ይለቀቅላቸዋል። እኔ ይህን ወሬ ሰምቼ አላውቅም፤ ማኅበርም ሰርግም የማልሄድ ሰው ነበርኩ። አጎቴም ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ስለሆነ አልሰማም።

አጎቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ አፉን መሰብሰብ የማይችል ሰው ነበር። እኔ ወላጆቼን በልጅነቴ ያጣሁ፣ ወንድምም እኅትም የሌለኝ ብቸኛ ስለነበርኩ፣ «ልጁ ሰው የለውም» እንዳይሉ ሰጋና እመር ብሎ ተነሥቶ «የእኛ ልጅ እንደው ዝም ብሎ ሰው እንዳይመስልዎት! የባላምባራስ እገሌ የልጅ ልጅ ልጅ ነው!» ሲል ደረቱን መታ። አጎቴ ጭብጨባ ይጠብቅ ነበር አሉ። አባቷ ግን ደብተራቸውን አስመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ጎን ዞረ፣ ወረደ።

«በአራተኛው ቤት ይገናኛሉ» አሉ። «የእሱ ቅድመ አያትና የሷ ቅድመ አያት ወንድማማቾች ናቸው። አይቻልም።»

እኔ ቤቴ ሆኜ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ የምሥራች እየጠበቅሁ ነበር። አጎቴ ሲመጣ ፊቱን አይቼ ሸሚዙን አወለቅሁ። እሷ ደግሞ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ሳገኛት ሰላም እንኳ ሳትል፣ አንድ ሙሉ ጠመኔ ግንባሬ ላይ ወረወረችልኝና «ይኸው! ጀግና ቅድመ አያት ላለው ሰው!» ብላኝ እያለቀሰች ሄደች። ግንባሬን እያሻሸሁ እኔም አለቀስኩ። ቅድመ አያቴን በዚያን ቀን እንደ ጠላሁት ማንንም ጠልቼ አላውቅም፤ ይቅር ይበለኝ።

ይባስ ብሎ ድሬዳዋ ባቡር ላይ የሚሠራ አንድ ጎረምሳ አለ። ጫማው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። እሱም ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። የእሱ ቤት አስቀድሞ ተቆጥሮ በሰባተኛውም አልተገናኘም። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በእሑድ ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር።

የቤቴ ባለቤት የሆኑት ባልቴት ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መርፌያቸውን ኮፍያው ላይ ሰክተው አዩኝ።

«አራተኛ ቤት?» አሉ። «አስተግፊሩላህ! እኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ለአጎት ልጅ ይዳራል። አራተኛ ቤትማ ባዳ ነው፣ ወላሂ! ኡስታዝ፣ እስልም በልና ዛሬውኑ ኒካሕ ይታሰርልህ።»

«ልጅቷስ?»

«እሷን አንተ አሳምናት። ሁሉንም እኔ ልሠራልህ ነው እንዴ?»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከሰኞ ጀምሮ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካርቶኔን ከትምህርት ቤት አምጥቼ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ የወፏን ቀለም እያደስኩ ሳለሁ፣ ደረጃው ላይ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በሩ ተከፈተ። አባቷ ናቸው! ብሩሹ ከእጄ ወደቀ።

«አንተ ነህ?» አሉ ሰላም ሳይሉ። «ትምህርት ቤት ውስጥ ቤት የሚቆጥር መምህር ተነሥቷል ሲሉኝ፣ ይህ ሰውዬ አንተ ነህ?»

ለካስ ልጆቹ ከተማውን ሞልተውታል። «መምህራችን ሰባት ቤት ያስቆጥረናል» እያሉ። እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ስለ ከለከሉኝ፣ የራሴን ደብተር ከፍቼ፣ በጎን ቆጥሬ ላገባት ነው ብለው ነው የመጡት። በሐረር ከተማ ሁለተኛ ቤት ቆጣሪ!

«አባቴ፣ የሰው አይደለም የምቆጥረው» አልኩ። «ይኸው ይመልከቱ። የተክልና የወፍ ነው።»

መነጽራቸውን አወጡ። ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ቁጣቸው ቀስ በቀስ ሲወርድ፣ በቦታው ሌላ ነገር ሲመጣ አየሁ፤ የሙያ ጉጉት ነው። ወንበር ሳብ አሉኝ።

«ሦስተኛ ቤት… ይህ ምንድን ነው? እሬት ከሽንኩርት?»

«አዎ አባቴ፣ ዘመድ ናቸው። አበባቸውን ያዩ ሰዎች ናቸው የደረሱበት። በሦስተኛው ቤት ይገናኛሉ።»

«እሬትና ሽንኩርት!» ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «እና እኔ ስልሳ ዓመት ሙሉ የእሬት ዘመድ ወጥ ውስጥ ከትቼ ስበላ ኖሬያለሁ?» ደግሞ ወደ ወፏ ዞሩ። «አራተኛ ቤት፣ ዘማሪዎች። ቁራ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ቁራም ከዘማሪ ወፎች ወገን ነው።»

«ቁራ? ዘማሪ?»

«ድምፁ ሳይሆን የጉሮሮው አሠራር ነው የሚታየው።»

«የእኛም ደብር ውስጥ በጉሮሮው አሠራር ብቻ ዘማሪ የተባለ ዲያቆን አለ» አሉና ሳይስቁ ቀጠሉ። «እንግዲህ ይህች ወፍና ቁራው በአራተኛው ቤት ይገናኛሉ። ልክ እንደ አንተና እንደ ልጄ።»

«ቁራው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጥቁር ሹራብ ነበር የለበስኩት። «ሌላ ማን ሊሆን ነው?» አሉ።

ከዚያ ጣታቸውን በእሬቱ መስመር ላይ አስኬዱ፤ ልክ ደብተራቸው ላይ እንደሚያደርጉት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሰባተኛው ላይ ደረሱ። በወፏ በኩልም እንዲሁ ወጡ። ሁለቱ ጣቶቻቸው ጫፉ ላይ ቆመው ቀሩ፣ ሳይገናኙ።

«እነዚህስ? በስንተኛው ቤት ይገናኛሉ?»

«አይገናኙም፣ አባቴ። ሰባተኛውም ላይ ለየብቻ ናቸው።»

«ታዲያ መጋባት ይችላሉ!» አሉ፣ በሙያቸው ድምፅ፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ሰው። ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው ያሉት የገባቸው። እኔ ሳቄን ለመደበቅ የወደቀውን ብሩሽ ፍለጋ አልጋ ሥር ገባሁ።

ስወጣ እሳቸው በመስኮቱ እያዩ ነበር። ወፏ መጥታለች። እሬቱ ዘንግ ላይ ተንጠልጥላ ትጠጣለች።

«ይህች ናት?»

«እሷ ናት።»

«ሁልጊዜ እዚህ ናት?»

«አበባው ባለ ጊዜ ሁሉ አትለየውም። እሷ የምትጠጣው ከሱ ነው፤ የሱንም የአበባ ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርስለት እሷ ናት። ያለሷ ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል።»

«እንዲህ ሆነው ዘመድ አይደሉም?»

ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሃያ ጊዜ ተጠይቄ ሃያ ጊዜ መልሻለሁ። እንደ ልማዴ መለስኩ። «አብሮ መኖር ዘመድ አያደርግም፣ አባቴ። ሰው አብረው ሲያያቸው ዘመድ ናቸው ይላል እንጂ፣ ጎረቤት ናቸው።»

ወፏ እስክትበር ድረስ ዓይናቸውን ከእሷ አላነሱም። አስቀይሜያቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ በምን እንዳስቀየምኳቸው ግን አልገባኝም። በኋላ ፊታቸውን ወደ ካርቶኑ መለሱና ከታች ያለውን አነበቡ። «ሁኔታ። ይህ ምንድን ነው?»

«ስንት እንደ ቀረ ነው የሚናገረው። እሬቱ ድሮ ኮረብታውን ሁሉ ሞልቶት ነበር አሉ። አሁን ሶፊ በኩል ገበሬው ጫት ሊተክል መሬቱን ሲመነጥር መጀመሪያ የሚነቅለው እሬቱን ነው። ወፏ ገና አለች። እሬቱ ግን እያነሰ ነው።»

«አንተስ?» አሉ።

«እኔ ምን?»

«የባላምባራሱ ዘር። ስንት ቀራችሁ?»

«በወንድ በኩል እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ። «አጎቴ በእናቴ በኩል ነው።»

ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ደረጃውን ሲወርዱ ቋ ቋ የሚለው ድምፅ ከአመጣጣቸው የዘገየ ነበር። ባልቴቷ ከታች ሆነው «ሽማግሌው አለቀሱ እንዴ፣ ምን አደረግሃቸው?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ፤ እውነትም አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ማታ ወደ አጎቴ መልእክት መጣ፦ የእኛም ሽማግሌዎች እሑድ እንዲገኙ። አጎቴ «ለማዋረድ ነው፣ አልሄድም» አለ። እኔ ግን ሂድ ብዬ ለመንኩት፤ ከመሄዱም በፊት አፉን እንዳይከፍት አስማልኩት። እዚያ የሆነውን የሰማሁት ከሱና በበር ቀዳዳ ስታይ ከነበረችው ከባለቤቴ ነው። ሁለቱ በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ በዚህ ግን ቃል በቃል ይስማማሉ።

የባቡሩ ሰው ሽማግሌዎች በቀኝ፣ የእኔ በግራ ተቀምጠዋል። ከፍ ያለው ወንበር እንደ ሁልጊዜው ለአባቷ ተለቆላቸዋል። እሳቸው ግን አልተቀመጡበትም። ቆመው ደብተራቸውን ገለጡ።

«ስሕተት ቆጥሬያለሁ» አሉ።

ሁሉም ተንጫጫ። እሳቸው ስሕተት ቆጥረው አያውቁማ!

«ባላምባራሱ የአያቴ ወንድም አይደሉም። አያቴ የባላምባራሱ በቅሎ ጠባቂ ነበሩ። ከሸዋ ሲመጡ በቅሏቸውን እየሳቡ በእግራቸው ነው የመጡት። እዚህ ደርሰው ባላምባራሱ ወባ ሲይዛቸው አያቴ አስታመሟቸው፤ በአንድ ቤት አብረው ኖሩ። ከዚያ በኋላ ባላምባራሱ አያቴን 'ወንድሜ' ይሏቸው ነበር። የተባለው እውነት ነው፤ ደብተር ላይ ያሰፈርኩት ግን እኔ ነኝ።»

ከባቡሩ ሰው ሽማግሌዎች አንዱ፣ ደግ ሰው ናቸው መሰለኝ፣ ነገሩን ለማለስለስ «እንግዲህ ባልደራስ ነበሩ እንበል» አሉ። ባልደራስ የበቅሎ ቤት አለቃ ነው፤ ማዕረግ ያለው ሹመት ነው።

«ባልደራስ አይደለም» አሉ አባቷ። «በቅሎ ጠባቂ። እጃቸው በቅሎ በቅሎ ይሸት ነበር፤ በዚያ እጃቸው ነው ያጎረሱኝ። ጭናቸው ላይ ተቀምጬ ያደግሁ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ ክጃቸዋለሁ።» ደብተሩን ዘጉ። «ልጄና መምህሩ በአራተኛውም በሰባተኛውም አይገናኙም። ጎረቤት ነን። ይቻላል።»

አጎቴ አፉን እንዳይከፍት ምሎ ነበር፤ ግን እልል አለ። ወንድ ልጅ እልል ሲል ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ባለቤቴ ከበሩ ጀርባ የምትስቀው ይሁን የምታለቅሰው ራሷም አላወቀችም። የባቡሩ ሰው ሽማግሌዎች በጨዋነት ተነሥተው መርቀው ሄዱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ወሬው ሐረርን አዳረሰ። ጠላ ቤት ውስጥ «በቅሎ ጠባቂው» የሚሏቸው ተፈጠሩ፤ ማኅበር ላይ ከፍ ያለው ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሳቸው በር አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። አንድ ቀን ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሞክር፣ «ዝም በል፣ ቁራ» አሉኝና ሳቁ።

የሰርጋችን ቀን ከጓደኛዬ የለመንኳት አሮጌ መኪና ተወልውላ፣ አበባ ተደርጎባት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷ መኪናዋን አይተው «አይሆንም» አሉ። ከኋላ በቅሎ አስመጡ። ከየት እንዳገኟት እንጃ፤ ኮርቻዋ አጊጦ፣ በጭራዋ ሥር የሚታሰረው መጣፈሪያዋ ያብረቀርቃል። ልጃቸውን አወጧት። የበቅሎ ሳቢው ሰው ልጓሙን ሊይዝ ሲጠጋ ገፉት። ካባቸውን እንደ ለበሱ ልጓሙን ራሳቸው ያዙ።

መናገር ካለብኝ፣ የበቅሎ ጠባቂ የልጅ ልጅ ለመሆናቸው በእጃቸው ላይ ምንም ማስረጃ አልነበረም። በሕይወታቸው ልጓም ይዘው አያውቁም። በቅሎዋ አንዴ ቆማ አልሄድም አለች፤ አንዴ እግራቸውን ረገጠቻቸው። ባለቤቴ ከላይ ሆና ኮርቻውን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ «አባባ ቀስ! አባባ ቀስ!» ትላለች። እኔ በጎን እየሄድኩ ካባቸውን ከጭቃ አነሣለሁ። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ያያል፤ የሚስቅ አለ፣ እልል የሚል አለ።

ሸዋ በር ስንደርስ የቤቴ ባለቤት የሆኑት ባልቴት አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው ቆመው ነበር። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ልጓሙን ማን እንደ ያዘ ሲያዩ ደነገጡ።

«ጌታው! ሰው ጠፍቶ ነው እርስዎ የሚስቡት?»

አባቷ ቆሙ። በላብ ተነክረዋል፣ ያቺ የተረገጠች እግራቸው ታነክሳለች። ልጓሙን ግን አለቀቁም።

«የአያቴ ሥራ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የዘገየሁበት።»